ቀዩ ቀበቶ በማን አንገት ነበር?

ከእናቷ ለቅሶ በተመለሰች ማግሥት ዶክተሪት ቀኝ እጇን እስከ ብብቷ ድረስ በላም ሆድ ውስጥ ሰድዳ፣ ጉንጯን ከላሟ ጎን አስደግፋ ቆማ ነበር። ነገሩን ለማያውቅ ሰው ይህ የጤና አይመስለውም፤ በእንስሳት ሳይንስ ትምህርት ቤት ግን የዘወትር ሥራ ነው። ላሟ በግራ ጎኗ ላይ ሐኪሞች በጥንቃቄ የከፈቱላት፣ ቁስሉ ከዳነ የከረመ፣ በወፍራም ጎማ የሚከደን ክብ ቀዳዳ አላት። ተማሪዎቹ «መስኮት» ይሉታል። ክዳኑ ሲነሣ የጨጓራዋ ጉድ ሁሉ ይታያል፤ ፈርሱ በዝግታ ይገላበጣል፣ እንፋሎቱ ፊት ላይ ይመጣል፣ ላሟም ሆዷ ውስጥ ሰው መግባቱን ከቁብ ሳትቆጥር ታመነዥካለች።

ይህችኛዋ ላም «ጨዋ» ትባላለች። መስኮት ያላቸው ላሞች አራት ሲሆኑ የቀሩት ሦስቱ ወሬኛ፣ አኩራፊና እቴጌ ናቸው። ስሙን ያወጣላቸው የሚመግባቸውና የሚያጥባቸው ሽማግሌ ነው። ተማሪዎቹም በፈንታቸው ለእሱ «የበረቱ ሹም» የሚል ስም አውጥተውለታል፤ ፊት ለፊት ሲያገኙት ግን ሁሉም «ጋሼ» ነው የሚሉት። ወሬኛ ስሟን ያገኘችው ሰው በገባ ቁጥር ካልጮኸች ደስ ስለማይላት ነው። ጨዋ ግን መስኮቷ ተከፍቶ እጅ ሲገባባት እንኳ ዞር ብላ አታይም።

ዶክተሪትም ብትሆን ገና ዶክተር አልሆነችም። በልጅነቷ የዶሮ እግር በክብሪት እንጨት ካሰረች ወዲህ የቤት ስሟ ሆኖ ቀረ እንጂ፣ ማዕረጉን ለመያዝ የመመረቂያ ጥናቷን መጨረስ ነበረባት። አሁን እጇ በሙቀት ተከቧል። ሙቀቱን ታውቀዋለች፤ ይሰማኛል ለማለት ግን አትደፍርም። ለቀዶ ሕክምና የደነዘዘ ቆዳ ሲነካ ግፊቱ ይታወቃል፣ ሕመሙ ግን የለም፤ እሷም እኅቷ ስለ እናታቸው ከደወለችላት ወዲህ መላ አካሏ እንደዚያው ሆኗል። ምግብ ትበላለች፣ ጥርሷን ትፋቃለች፣ «እግዜር ያጽናሽ» ሲሏት «አሜን» ትላለች። ሁሉንም የምታደርገው አንዲት ጎረቤት አደራ ብላት የሄደችውን ቤት እንደምትጠብቅ ሰው ነው።

እናቷ ስለዚህ ትምህርት የምትለው ነገር ነበራት። ላሞች ሣር ሲፈጩ ጨጓራቸው ውስጥ የሚኖሩ ደቂቅ ሕዋሳት ጋዝ ያመርታሉ፤ ላሞቹም ያንን ጋዝ ያገሱታል፤ ጋዙ ወደ ላይ ወጥቶ ምድርን ከሚያሞቁት አንዱ ይሆናል። የዶክተሪት ጥናት አንድ መራራ ቅጠል ደርቆና ተፈጭቶ ከመኖ ጋር ቢደባለቅ ግሳቱን ይቀንስ እንደሆነ ማየት ነበር። እናቷ ይህን በሰማች ቀን እጇን አገጯ ላይ አድርጋ፦ «ልጄ የላም ግሳት ልታጠና የአንድ ቀን መንገድ ሄደች! እኔ የአባቷን ስንት ዘመን በነጻ ስሰማ ኖርኩ፤ ማንም ዲግሪ አልሰጠኝ!» ብላ ነበር። አባቷም ያን ቀን ለማስመስከር ያህል አግስቶ ቤቱን በሳቅ ሞላው።

የጥናቱ አሠራር ቀላል ነው። በመጀመሪያው ዙር ሁለቱ ላሞች ቅጠል ያለበትን መኖ፣ ሁለቱ የሌለበትን ይበላሉ። በሁለተኛው ዙር ይለዋወጣሉ። እንዲህ ሲሆን እያንዳንዷ ላም የምትመዘነው ከጎረቤቷ ጋር ሳይሆን ከገዛ ራሷ ጋር ነው። ስሕተት እንዳይገባ ደግሞ መኖ የሚያቀርበው ሰው የላሞቹን አንገት ብቻ ያያል፦ ቀይ ቀበቶ ላሰረችው ከቀዩ በርሜል፣ ሰማያዊ ላሰረችው ከሰማያዊው። ቀዩ የቅጠሉ ነው። ዙሩ ሲለወጥ በርሜሎቹ ከቦታቸው ንቅንቅ አይሉም፤ የሚለወጠው የአንገት ቀበቶው ብቻ ነው። በመጀመሪያው ዙር ቀዩን ያሰሩት ጨዋና አኩራፊ ነበሩ።

የመለዋወጫው ቀን ዶክተሪት ወደ በረቱ የገባችው ስልኩን በጆሮዋና በትከሻዋ መካከል አጣብቃ ነበር። የምታነጋግራት ታላቅ እኅቷ ናት።

«እማዬ ትጠይቅሻለች» አለች እኅቷ።

«ባሰባት እንዴ፣ እትዬ?»

«ባሰባት አልልሽም፣ ተሻላትም አልልሽም። ‹ዶክተሪት መቼ ነው የምትመጣው› ትላለች። ነይ።»

«ዛሬ ሁለተኛው ዙር ይጀመራል። ከተጀመረ ማቋረጥ አይቻልም፤ ካቋረጥኩት ሁሉም ገደል ይገባል። ልክ እንዳለቀ እመጣለሁ።»

«ላም አይደለችም እኮ እናትሽ፤ ዙር የላትም።»

«አውቃለሁ፣ እትዬ። እንዳለቀ እመጣለሁ።»

ይህን እያለች ነበር ቀበቶዎቹን ከአንገት ወደ አንገት ያዛወረችው። ከዚያ በኋላ ዙሩ እስኪያልቅ ድረስ ሥራዋን አንድም ቀን አላጓደለችም፤ በሰዓቱ መስኮት ከፈተች፣ በሰዓቱ ናሙና ቀዳች፣ በሰዓቱ ጋዝ ለካች። እናቷ የሞተችው ዙሩ ባለቀበት ቀን ነው። ዶክተሪት የመጨረሻዎቹን ጠርሙሶች ማቀዝቀዣ ውስጥ ደርድራ፣ ሻንጣዋን ይዛ ስትደርስ አፈሩ ተመልሶ ነበር። አላለቀሰችም። ሰው ጉድ አለ። አንዷ አክስቷ «ድንጋጤ ነው፤ ይለቃታል» ስትል ሌላይቱ «ምን ድንጋጤ፣ መማር ነው እንጂ እንዲህ የሚያደርቅ» አለች። አባቷ ብቻ አጠገቧ ተቀምጦ ነበር።

እንግዲህ ተመልሳ ከጨዋ ሆድ ውስጥ እጇን አስገብታ ሳለች ነው «ትሎ» በበሩ ብቅ ያለው። ትሎ የበጎችን የአንጀት ትል የሚያጠና የትምህርት ጓደኛዋ ሲሆን፣ የቅጽል ስሙን ተሸክሞ የሚኖረው በኩራት ነው።

«እግዜር ያጽናሽ ብያለሁ ትናንት» አለ። «ዛሬም ልበል?»

«በቃኝ።»

«ጎሽ። ፕሮፌሰሩ ይፈልጉሻል። ሲስቁ ነው የተውኳቸው።»

«ፕሮፌሰሩ?»

«በጥርሳቸው። እኔም ደንግጬ ነው የመጣሁት።»

ክንዷን በቧንቧ ውኃ ታጥባ፣ ቱታዋን አውልቃ ሄደች። የፕሮፌሰሩ ክፍል በመጻሕፍት ከመታፈኑ የተነሣ እንግዳ የሚቀመጥበት ወንበር ላይ እንኳ የከብት መንጋጋ አጥንት ነበር። አጥንቱን አንሥተው፣ መልሰው አስቀመጡት።

«ግቢ፣ ግቢ፣ ተቀመጪ። አይ፣ አትቀመጪ፤ መጀመሪያ ይህን እዪ!» ኮምፒውተራቸውን ወደ እሷ አዞሩት። «ለቅሶ ላይ ሳለሽ ቁጥሮችሽን ተመለከትኳቸው። ይቅር በይኝ፣ አላስቻለኝም። ጨዋን እዪ። በሁለተኛው ዙር ቅጠል የለም፤ እውነት ነው?»

«እውነት ነው።»

«ጋዟ ግን አልጨመረም! አኩራፊም እንደዚያው። ቅጠሉ ቀርቶ፣ ሥራው አልቀረም። ይገባሻል? ጨጓራቸውን ለዘለቄታው ለውጦታል ማለት ነው!»

«ወሬኛና እቴጌ ግን ቅጠሉን ጀምረው አልቀነሱም።»

«ጊዜ ይፈልጋላ! ሕዋሳቱ ቶሎ አይለምዱም፤ አንዴ ከለመዱ ግን አይለቁም። እኔ በዚህ ሙያ ሸብቻለሁ፤ እንዲህ ያለ ነገር አላየሁም።» ከዚያ ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ። «ስላልደረስሽባቸው… ስለ እናትሽ ማለቴ ነው። መጽናኛ አይሆንም፤ ግን በከንቱ አልቀረሽም።»

ዶክተሪት መስመሮቹን አየች። ሁለት ቀይ፣ ሁለት ሰማያዊ፣ እኩል ተዘርግተው የሚሄዱ። የሚያምሩ ነበሩ። ደስ ሊላት እንደሚገባ አሰበች፤ ከንፈሯንም እንደዚያ ለማድረግ ሞከረች።

ያን ዕለት እኅቷ ስትደውል ሌላ የምታወራው ስላልነበራት ይህንኑ ነገረቻት። እኅቷም፦ «በይ እንኳን። እንኳንም ለከንቱ አልሆነ» አለች። ወዲያው አፏን ከስልኩ ዞር አድርጋ ስትጣራ ተሰማ፦ «አባባ! የዶክተሪት ሥራ ትልቅ ነገር ሆነ! አስተማሪዋ አይቶት አያውቅም!» ከሩቅ የአባቷ ድምፅ መጣ፤ ከለቅሶው ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ ከፍ ያለ ድምፅ ነበር። ከዚያ ቀን ጀምሮ አባቷ ሊያጽናኑት ለሚመጡ ሁሉ «ልጅቱ የቀረችው ለትልቅ ነገር ነው፤ እናቷም ብትሰማ ይህንኑ ነው የምትለው» እያለ ያስረዳ ጀመር። አክስቲቱ እንኳ፣ መማር ያደርቃል ያለችው፣ «ታዲያ እኔ መች ክፉ ተናገርኩ» ማለቷ ተሰማ።

የበረቱ ሹም እግዜር ያጽናሽ ለማለት የደረሰው ከሁሉም በኋላ ነበር፤ እሱም የዕረፍት ቀኑ ላይ ስለነበረ ነው። ዶክተሪት የመኖ በርሜሎቹን ስታጥብ አግኝቷት፣ ኮፍያውን አውልቆ፣ የሚለውን ሁሉ አለ፤ ከዚያ ግን አልሄደም። የሽማግሌ ነገር፣ አንድ የሚያጽናና ነገር ጨምሮ ካልተናገረ እግሩ አልነሣ አለው።

«ያን የመለዋወጫ ሰሞን ጭንቀትሽን አይቼ ነበር፣ ልጄ። ከዋዜማው ጀምሮ ስልክ ላይ ነሽ። እንግዲህ ያችን ታህል እንኳ ልርዳት ብዬ፣ ጠዋት ሳትመጪ ቀበቶውን እኔው ለዋውጬልሽ ነበር።»

ዶክተሪት በርሜሉን እያጠበች ነበር። ማጠቧን አላቋረጠችም።

«የትኛውን ቀበቶ፣ ጋሼ?»

«የአንገታቸውን ነዋ። ቀዩን ለወሬኛና ለእቴጌ፣ ሰማያዊውን ለጨዋና ለአኩራፊ። ሁልጊዜ ስትናገሪ እሰማ የለ። ደግሞ ከሰዓት በኋላ ባይ፣ ቀዩ ተመልሶ ጨዋ አንገት ላይ ነው። ‹የምርምር ነገር ነው፤ አንድ ምክንያት ቢኖራት ነው› ብዬ ዝም አልኩ። በቀለሙ መሠረት መገብኳቸው። አጠፋሁ እንዴ?»

«አላጠፉም፣ ጋሼ።»

«ፊትሽ ልክ አይደለም።»

«ውኃው ቀዝቅዞብኝ ነው።»

እሱ ከሄደ በኋላ ያን ቀን መልሳ ልታየው ሞከረች። የእኅቷን ቃል አንድ በአንድ ታስታውሰዋለች፤ «ዙር የላትም» ያለችበትን ድምፅ ሳይቀር። እጇ ግን ምን ቀለም ፈትቶ ምን ቀለም እንዳሰረ ፈጽሞ ትዝ አላላትም። ከዚያም በኋላ በነበረው ጊዜ ሁሉ ወደ ላሞቹ የምትቀርበው በመስኮታቸው በኩል ነበር፤ ዓይኗ ጎናቸው ላይ እንጂ አንገታቸው ላይ አርፎ አያውቅም። የውጤት መመዝገቢያዋ ደግሞ ዙሩ ሳይጀመር በዕቅዱ መሠረት ተሞልቶ ያደረ ነው። ማን ምን እንደሚበላ የጻፈችው ገና ማንም ምንም ሳይበላ ነበር።

ወደ ቤተ ሙከራው ሄዳ ከማቀዝቀዣው አንድ ጠርሙስ አወጣች። የጨዋ ነበር፤ የሁለተኛው ዙር። እስኪቀልጥ ድረስ ፊት ለፊቱ ተቀመጠች፤ በጣቷ ቸኩላ አላሞቀችውም። ከዚያ በወንፊት አጥልላ አየችው። የሣር ጭረት አለ፣ የእህል ቅርፊት አለ፤ በዚያ መካከል ደግሞ ጭምድድ ያሉ ጥቁር አረንጓዴ ብጥስጣሾች። አሸተተችው፤ መራራ ነው። የመዘገበችውን ብናምን አንዲት ቅንጣት ቅጠል እንኳ ልትገኝበት በማይገባው ጠርሙስ ውስጥ ቅጠሉ ሞልቷል። ከወሬኛ ጠርሙስ ደግሞ ሣርና እህል ብቻ ወጣ።

የሆነው ይህ ብቻ ነው። ሽማግሌው ለወጠ፤ እሷም ለወጠች፤ ሁለት ጊዜ የተለወጠ ነገር እንዳልተለወጠ ሆነ። ጨዋ ቅጠሉን አላቆመችም፤ ጋዟም ያልጨመረው ስለዚህ ነው። የፕሮፌሰሩ ታላቅ ግኝት፣ አባቷ ለእንግዳ ሁሉ የሚያወራው ነገር፣ የእኅቷ «እንኳን»፣ ሁሉም የተሰቀለው በዚህ ላይ ነበር። ዝም ካለች ነገሩ ይቆማል፤ ያኔ የቀረችው ለአንድ ነገር ነው። ከተናገረች ግን እናቷ በር በሩን እያየች በቆየችበት ጊዜ ሁሉ ልጅቱ ምንም እየሠራች አልነበረም ማለት ነው። ይህን ሁሉ በደንብ ተረዳች። ልቧ ግን እንደ ሌላ ሰው ልብ፣ በሌላ ክፍል ውስጥ፣ ረጋ ብሎ ይመታ ነበር።

ለትሎ ነገረችው፤ በምሳ ሰዓት፣ የአዳራሹ ጫጫታ ሳይበርድ። ትሎ ማንኪያውን አስቀመጠ፤ ትሎን ማንኪያ የሚያስቀምጥ ነገር ብዙ አይደለም።

«ማን ያውቃል?»

«እኔ። አሁን ደግሞ አንተ። ጋሼ የሆነውን ያውቃል፤ ምን ማለት እንደሆነ ግን አልገባውም።»

«አራት ላሞችም ያውቃሉ። ከእነሱ የምታሰጋው ወሬኛ ብቻ ናት።» አልሳቀችም፤ እሱም አልጠበቀም። «ስሚ። እኔ አልሰማሁም። ትል ጆሮ የለውም። ከፈለግሽ ለዘላለም አልሰማሁም።»

«አንተ ብትሆን?»

«እኔ ብሆን መጀመሪያ አለቅስ ነበር። ከዚያ ምን እንደማደርግ አላውቅም።»

«እኔ ማልቀሱን ዘልዬዋለሁ» አለች ዶክተሪት።

ከሰዓት በኋላ የቀለጠውን ጠርሙስ ይዛ ማጠቢያው አጠገብ ቆመች። አንዴ ብታዘነብለው፣ ቧንቧውንም ብትከፍተው፣ ያለቀ ነገር ነው፤ የቀሩትንም ጠርሙሶች የሚያቀልጣቸው ሌላ ሰው የለም። ክዳኑን ፈታችው። ያስቆማት ደግነት አልነበረም፣ ድፍረትም አልነበረም፤ ለሁለቱም የሚሆን ስሜት አልነበራትም። ያስቆማት አንድ ደረቅ ሐሳብ ነው። እናቷን የለወጠችበት ነገር ቢያንስ እውነት መሆን ነበረበት። እውነት ካልሆነ ደግሞ እናቷን በምንም እንደለወጠች እሷም ሌላውም ማወቅ አለበት። ውሸቱን በእናቷ ወንበር ላይ አስቀምጣ፣ ዕድሜ ልኳን «ደህና ነሽ ወይ» ስትለው መኖር አትችልም። ክዳኑን መልሳ አጠበቀችው።

ፕሮፌሰሩ ጠርሙሱን ተቀብለው ወደ መስኮቱ ብርሃን ከፍ አደረጉት። የተናገረችውን ሁሉ ሳያቋርጧት ሰሙ። ከዚያ ወንበሩ ላይ ያለውን መንጋጋ አንሥተው መሬት አስቀመጡና «ተቀመጪ» አሏት።

ተቀመጠች።

«ሽማግሌው ተምታቶበት ይሆናል» አሉ። «ብዙ ቀን ሆኗል፤ እሱም አርጅቷል።»

«አልተምታታበትም።»

«ጨዋ ከጎረቤቷ ገንዳ ሰርቃ በልታ ቢሆንስ? ላሞች ይሰርቃሉ። አንድ ጠርሙስ ብቻውን ምስክር አይሆንም። አስቢበት፤ ዛሬውኑ መልሽልኝ አላልኩም።» ይህን ሲሉ አላዩዋትም። የማምለጫ በር ገርበብ አድርገው መክፈታቸው ነበር፤ ክፉ ሰው ስለሆኑ ሳይሆን፣ እሳቸውም ያን መስመር ስለወደዱት ነው።

«የቀሩትንም አቅልጫለሁ፣ ፕሮፌሰር። የጨዋም የአኩራፊም ሁሉም ቅጠል አለበት። የወሬኛና የእቴጌ ምንም የለበትም። ጋሼ በቅን ልቡ ነው ያደረገው፤ ሳልጠይቅና ሳላይ የነካሁት እኔ ነኝ።»

ፕሮፌሰሩ ጠርሙሱን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጡት። ከዚያ መነጽራቸውን አውልቀው ዓይናቸውን አሹ።

«ሁለተኛው ዙር እንዳልነበረ ነው» አሉ በመጨረሻ። «እንደገና ይሠራል። ምረቃሽ ይዘገያል።»

«አውቃለሁ።»

«ያን ጊዜ ሁሉ… አንቺ እዚህ ሳለሽ…» አልጨረሱትም።

«አዎ» አለች ዶክተሪት፤ ያልተጨረሰውን እሷ እንዳትጨርሰው ፈጥና ተነሣች።

የቀረው እኅቷ ናት። ከበረቱ ኋላ ባለው የሣር ክምር አጠገብ ቆማ ደወለች። ፀሐዩ ጠንካራ ነበር።

«ወይ የኔ ዶክተር! አሁን ስላንቺ ስናወራ።»

«እትዬ፣ ያ ነገር ውሸት ሆነ።»

«የቱ ነገር?»

«ግኝቱ። ቀበቶውን ሁለት ጊዜ ነው የለወጥነው።»

«ምን ቀበቶ? የማን ቀበቶ? እስቲ እንደ ሰው አስረጂኝ።»

አስረዳቻት። የቤተ ሙከራ ቋንቋዋን ሁሉ ትታ፣ ስለ ቀይና ስለ ሰማያዊ፣ ስለ ሽማግሌውና ስለ ገዛ እጇ ነገረቻት። በዚያኛው ጫፍ የሚንቦጫረቅ ውኃ ይሰማ ነበር፤ መካከል ላይ ድምፁ ቆመ።

«ቆይ» አለች እኅቷ። «ስልክ ስናወራ ነው የለወጥሽው?»

«አዎ።»

«እኔ ነይ ስልሽ?»

«አዎ።»

«እና ዙሩ ያን ቀን ተበላሸ።»

«ገና ሲጀመር።»

«ታዲያ ያኔውኑ ብትመጪ ኖሮ…»

«ምንም አይጎድልም ነበር።»

በረቱ ውስጥ ወሬኛ ለማን እንደሆነ ሳይታወቅ ጮኸች።

«ለምንድን ነው የነገርሽኝ?» አለች እኅቷ፤ ድምፅዋ ተለወጠ። «ለአስተማሪሽ ነግረሻል፤ አይበቃም? እኔ ምን አደረግኩሽ? አባባ ለመጣ ሰው ሁሉ ሲናገር ነው የሰነበተው። ቀና ያለው በሱ ነው። አሁን እሱን ምን ልበለው?»

«አንቺ ምንም አትይው። እኔው እነግረዋለሁ።»

«አትነግሪውም!»

«እነግረዋለሁ፣ እትዬ።»

«አናደድሽኝ። ውስጤን አቃጠልሽው፣ ታውቂያለሽ?»

«እሺ።»

«እሺ አትበይኝ! ሁልጊዜ እሺ፣ ሁልጊዜ አዎ! አልቅሺ፣ ጩሂ፣ ስደቢኝ፣ አንድ ነገር በይ እንጂ!»

«አልመጣ አለኝ» አለች ዶክተሪት። ስትል የራሷን ድምፅ ሰማችው፤ የመኖ ሚዛን እንደምታነብ ያለ ድምፅ ነበር። «ብሞክርም አልመጣ አለኝ።»

እኅቷ ስልኩን አልዘጋችውም። ዶክተሪትም አልዘጋችም። ቆይቶ ያ የውኃ ድምፅ እንደገና ጀመረ፤ መጀመሪያ በቁጣ ነበር፣ ኋላ በረድ አለ። ሲታሽ፣ ሲጨመቅ፣ ወደ ውኃው ተመልሶ ሲገባ ይሰማል። ዶክተሪት ስልኩን ከአንዱ ጆሮ ወደ ሌላው አዛወረችው።

«ምን እያጠብሽ ነው?»

«ልብሷን ነዋ። አጥቤ ለሚለብሰው ሰው ልስጥ ብዬ። ሳጥን ውስጥ ተቀምጦ ምን ይሠራል?»

«ሹራቧንስ?»

«የቱን?»

«ክርኑ ላይ የተጠገነውን። እሱን አታጥቢው።»

ውኃው ቆመ። እኅቷ አፍንጫዋን ስትስብ ተሰማ።

«አጥቤ አስጥቼዋለሁ።»

ዶክተሪት እጇን ሣሩ ክምር ላይ አሳረፈች። ፀሐይ ሲመታው ስለዋለ ይሞቅ ነበር። እሺ ልትል አፏን ከፈተች፤ አልወጣም።

«እንግዲያው ለሰው አትስጪው» አለች።

«እሱን ብቻ?»

«እሱን ብቻ።»

«ገና እርጥብ ነው» አለች እኅቷ፤ ቁጣው አልለቀቃትም። «ሲደርቅ ወስደሽ ትለብሽዋለሽ። ራስሽ መጥተሽ ነው ታዲያ፤ በሰው አልክልሽም።»